የእድሩ ተሳቢ

ስሙማ፣ አንድ ወሬ ልንገራችሁ። የሚጀምረው ቡታጅራ፣ ከአንድ ወፍጮ ቤት ጓሮ ነው፤ ወልቂጤን አልፎ ሰባት ቤት ጉራጌ ድረስም ይሄዳል። የሰው ስም አልጠራም። ሰዎቹ በሕይወት አሉ፤ ስማቸው በየአደባባዩ እንዲነሳም አይወዱም። የዕቃውን ስም ግን እጠራለሁ፤ ተሳቢ ነው። ባለ አንድ አክስል፣ ባለ ሁለት ጎማ፣ ከመኪና ኋላ የሚታሰር ትንሽ ተሳቢ።

ቡታጅራን ለማታውቁ፦ ከአዲስ አበባ በዓለም ገና ታጥፋችሁ ወደ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዙ፣ በቀኝ እጃችሁ ከ3,700 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የዘቢዳር ተራራ ይቆማል፤ በግራ ደግሞ ሜዳው ወደ ዝዋይ ይወርዳል። ተራራና ሜዳ በሚገናኙበት ላይ ያለችው ከተማ ቡታጅራ ናት። ባጃጅ መንገዱን ሳይሞላው በፊት የሰውም የዕቃውም እግር የፈረስ ጋሪ ነበር፤ ዛሬም አልጠፋም። ጎንበስ ብሎ የጋሪውን ሥር ያየ ሰው የመኪና ጎማ፣ የመኪና ቸርኬ፣ ብዙ ጊዜም ከሞተ መኪና የወጣ አክስል ያገኛል። ስለዚህ በዚህ ከተማ አሮጌ አክስል ማስነሳት አዲስ ጥበብ አይደለም። አዲስ የሆነው ያን ጥበብ እድር መያዙ ነው።

እድሩ የአንድ ሰፈር እድር ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለበት። ንብረቱ እንደ ማንኛውም እድር ነው፤ ሁለት የሸራ ድንኳን፣ የብረት ቋሚዎች፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ ትላልቅ ድስቶች፣ ሰሃን በሰሃን ላይ፣ የውሃ ጄሪካን። ሰው ሲሞት ይህ ሁሉ ከእድሩ ቤት ወጥቶ ለቅሶ ቤት መድረስ አለበት፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ መመለስ አለበት። ለዚህ ጋሪ ይከራዩ ነበር። አንዱ ጋሪ ድንኳኑን፣ ሌላው ወንበሩን፣ ሌላው ድስቱን። በክረምት ሸራው እርጥብ ሆኖ ይመለስና ሻጋታ ያወጣል። ቋሚዎቹ ረጅም ስለሆኑ ከጋሪው ኋላ ወጥተው መሬት ይጎተታሉ። ድስት ተጣሞ ሲመጣ የእድሩ እናቶች ንብረት ክፍሉን ያፋጥጡታል። ሐዘንተኛ ቤት ሆኖ ዕቃ አልደረሰም ብሎ መጠበቅ ከባድ ነገር ነው፤ ያየ ያውቀዋል።

በአንድ የእድር ስብሰባ ላይ አንድ አዛውንት ሾፌር ተነሡ። በጉብዝናቸው በአሰብ መንገድ ኤን ትሬ ፊያት ከነተሳቢው የነዱ ሰው ናቸው። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ሲናገሩ ግን ሰው ዝም ይላል።

«እድራችን የሚያስፈልገው ተሳቢ ነው» አሉ። «መኪና አላልኩም። መኪና ነዳጅ ይጠጣል፣ ሾፌር ይፈልጋል፣ ቆሞም ወጪ አለው። ተሳቢ ሲያስፈልግ ከአባል ፒካፕ ኋላ ይታሰራል፤ ሳያስፈልግ ጥላ ሥር ይቆማል።»

ገንዘብ ያዡ «ጋሼ፣ አዲስ ተሳቢ በእኛ ካዝና ይገዛል?» ሲል ጠየቀ።

«አዲስ አላልኩም» አሉ።

ከዚያ ቀጥለው የተናገሩትን እስካሁን ሰፈሩ ያነሳዋል። በ1950ዎቹ የጉራጌ ተወላጆች ማኅበር አቋቁመው ለመንገድ ሥራ ገንዘብ አዋጥተዋል፤ በአዲስ አበባ ጫማ ሲጠርግ የሚውለው ሊስትሮ ከሳንቲሙ፣ መርካቶ ሱቅ ያለው ነጋዴ ከትርፉ እየሰጠ፣ መኪና ወደማይደርስበት አገር መንገድ ተቆርጧል። «አባቶቻችን መንገዱን አዋጥተው ሠሩት» አሉ አዛውንቱ። «እኛ ጎማ ማዋጣት ያቅተናል?»

ስብሰባው በዚያው ተስማማ። የተመደቡት ሦስት ናቸው፤ አዛውንቱ ሾፌር፣ አንድ ወጣት በያጅ፣ አንድ ጎሚስታ።

ፍለጋው ቀላል አልነበረም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጀ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ ካስወደደው ወዲህ፣ አገር ውስጥ ያለ አሮጌ ብረት ሁሉ ባለቤቱ ዘንድ ክብር አግኝቷል። ቀድሞ ለቁራሌው ይሰጥ የነበረ ነገር ዛሬ ተሸፍኖ ይቀመጣል። መጨረሻ ላይ የተገኘው ከአንድ ሐጂ ወፍጮ ቤት ጓሮ፣ ከእንሰቱ ሥር ነው። ድሮ ከላንድሮቨር ኋላ የሚጎተት ነበር። ዶሮ ገብታ እንቁላል ትጥልበታለች። ወለሉ በስብሷል፣ የጎኑ ላሜራ እንደ ወንፊት ተበሳስቷል፣ ጎማዎቹ አፈር ውስጥ ሰምጠዋል።

አዛውንቱ ተሳቢውን ገና ሳይነኩት «ሐጂ፣ ሊብሬ አለው?» ብለው ጠየቁ።

ሐጂው ቤት ገብተው ቆዩና በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ይዘው ወጡ። በያጁ በሽቦ ብሩሽ የሻንሲውን ብረት ፈገፈገ፣ በናፍጣ አጠበው፤ ቁጥሩ ብቅ አለ። ከሊብሬው ጋር አንድ ሆነ። እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ነውና። ተሳቢ በራሱ ሰሌዳ የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። ሊብሬ የሌለውን ተሳቢ በርካሽ ገዝቶ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ጎማ ቀይሮ ወደ ዋና መንገድ የሚያወጣ ሰው ገንዘቡን ጓሮ ውስጥ ቀበረው ማለት ነው። ቦሎ ሊያገኝለት አይችልም፤ አደጋ ቢደርስ ደግሞ መከራው ሌላ ነው። ወረቀቱ ከብረቱ ይቀድማል።

ወጣቱ በያጅ ሣጥኑን አይቶ ተስፋ ቆረጠ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ አልቋል። ላሜራው ሲነኩት ይረግፋል።»

«ሣጥኑን ተወው» አሉት። «ሣጥን አንተ ትሠራዋለህ። እኔ የምገዛው እግሩንና አንገቱን ነው።»

መዶሻ ተቀብለው ከሥሩ ገቡ። ዋናዎቹን ብረቶች ከጫፍ እስከ ጫፍ እየቀጠቀጡ ሄዱ። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይመልሳል፤ ውስጡ የተበላ ብረት ድፍን ያለ ድምፅ ያወጣል። ከዚያ ወደ አንገቱ መጡ፤ ሁለቱ የመጎተቻ ብረቶች ከፊት በሦስት ማዕዘን የሚገናኙበት ቦታ ነው። መኪና ሲነሣም ሲቆምም ኃይሉ ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ላይ ስለሆነ፣ ተሳቢ ከተሰነጠቀ ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው ከዚህ ነው። ዝገቱን አስፍቀው በጣታቸው ዳሰሱት። የፀጉር ያህል ስንጥቅ ከቀኝ በኩል አገኙ። ለሐጂው አሳዩአቸው፤ ዋጋውም በዚያ ስንጥቅ ምክንያት ወረደ። በሁለት ሙክት ዋጋ ተስማሙ።

በክሪክ አንሥተው ጎማውን ሲያዞሩት አልዞር አለ። ግራው ጨርሶ ደርቋል፤ ቀኙ እየጮኸ ዞረ። ጎማው የሚታሰርበትን ሞዞ ሲከፍቱት ውሃ ገብቶ ኩሽኔታዎቹን በልቷቸዋል፤ ኩሽኔታው የሚቀመጥበት የአክስሉ ጫፍ ራሱ ተቆፍሯል። እዚህ ላይ ሌላ ሰው አዲስ ኩሽኔታ ከቶ ይዘጋው ነበር። የተቆፈረ ብረት ላይ የተቀመጠ አዲስ ኩሽኔታ ግን ቦታው አይጸናም፤ እየተንቀሳቀሰ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ግራሶው ቀልጦ ይፈሳል፤ ግራሶ ያጣ ኩሽኔታ ይሰባበራል፤ ከዚያ ጎማው ከነሞዞው ተነቅሎ ከመኪናው ቀድሞ ይሄዳል። አዛውንቱ በአሰብ መንገድ ይህን በዓይናቸው አይተዋል። የሚገድለውም የራስን ሰው ብቻ አይደለም፤ በመንገዱ ዳር የሚሄደውን መንገደኛም ጭምር ነው።

ስለዚህ ውሳኔው ከበድ አለ፤ የአክስሉ ጫፍ በሙሉ ይቀየር ተባለ። ተሳቢውን አብዝቶ የሚጎትተው የአንድ አባል ሃይሉክስ ፒካፕ ነውና፣ ሞዞውም የሃይሉክስ እንዲሆን ተመረጠ። ምክንያቱን ጎሚስታው በአንድ ዐረፍተ ነገር አስረዳ፤ «መኪናውና ተሳቢው አንድ ዓይነት ቸርኬ ካላቸው፣ አንድ መለዋወጫ ጎማ ለሁለቱም ይበቃል።»

መርካቶ ሄዱ። ሶማሌ ተራ የሚሄድ ሰው የሚፈልገውን በቃል ከማስረዳት የተበላሸውን ዕቃ ይዞ መሄድ ይሻለዋል፤ እነሱም አሮጌውን ሞዞ በማዳበሪያ ጠቅልለው ይዘው ነበር። ባለ 6 ብሎን ሞዞ ሁለት ገዙ፤ አሮጌ ነው፣ ግን ያልተቆፈረ። ኩሽኔታውን፣ ዘይት ከልካይ ጎማውን ግን አዲስ ገዙ። አዛውንቱ ሕግ አላቸው፤ የሚዞር ነገር የሚይዘው አዲስ ይሁን፣ ቆሞ የሚሸከመው አሮጌ ቢሆን ግድ የለም። ከዚያ ቶርኖ ቤት ገብተው በሞዞው ልክ ሁለት የብረት ጫፎች አስወጡ። ምናለሽ ተራንም አልዘለሉትም፤ የጎን ማሰሪያ ቀለበቶችንና የኋላ መዝጊያ ማጠፊያዎችን ከዚያ አገኙ። የአዲሱን ዋጋ ለከፈለ ሰው ምናለሽ ተራ እውነተኛ ማረፊያ ነው።

ቡታጅራ ሲመለሱ ሥራው በበያጁ ግቢ ተጀመረ። ሰፈሩ እየመጣ ይቀመጣል። በያጁ ወጣት ነው፤ በር፣ መስኮት፣ አጥር በቱቦላሬ የሚሠራ ልጅ ነው። ተሳቢ ግን በር አይደለም፤ በር ቢበየድ ቆሞ ይኖራል፣ ተሳቢ በየጉድጓዱ ይደበደባል። አዛውንቱ አጠገቡ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አስተማሩት። ስንጥቁን ከላይ ብቻ እንዳይሸፍነው፣ በግራይንደር እስከ ሥሩ ከፍቶ እንዲሞላው፤ ከዚያ ተጨማሪ ብረት ሲለጥፍ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ሳይሆን ጫፉ ሾጠጥ ያለ እንዲያደርገው፤ ኃይሉ አንድ መሥመር ላይ ተሰብስቦ እንደገና እንዳይሰነጥቀው። የብየዳ ማሽኑን ሁለተኛ ገመድ ደግሞ የትም እንዳይነክሰው ከለከሉት። ገመዱ በጎማው በኩል ከተያዘ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታው ውስጥ ያልፋል፤ አዲሱን ኩሽኔታ ገና አንድ ኪሎ ሜትር ሳይሄድ ይበሳዋል።

ልጁ ሁሉን ሰማ። አንድ ጊዜ የሠራውን ብየዳ አዛውንቱ አይተው ዝም ሲሉ፣ ራሱ በግራይንደር ቆርጦ ጥሎ እንደገና በየደው። ያን ቀን «ልጄ» ብለው ጠሩት።

ባሌስትራው ወልቆ ቅጠል በቅጠል ተለየ፤ የተሰበረው ተቀየረ፣ ሌላው ተፍቆ፣ ግራሶ ተቀብቶ ተመለሰ። ሞዞው ሲታሰር ዳዶውን ጎማው እየዞረ ጠበቅ አድርጎ፣ ከዚያ ጥቂት መልሶ መልቀቅ ነው፤ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ሲነቀንቁት መላወስ የለበትም፣ ሲያዞሩት ደግሞ በነፃነት መዞር አለበት። ዳዶው እንዳይፈታ የምትይዘውን ትንሽ ብረት አዛውንቱ በገዛ እጃቸው ከተቷት። ያቺን ለሌላ ሰው አይሰጡም።

ሣጥኑ ላይ ሲደርሱ ግን የሥራው ባለቤት ተቀየረ። ወለሉ ከባሕር ዛፍ ጣውላ እንዲሆን ተስማምተው ነበር፤ በጉራጌ አገር ባሕር ዛፍ ለመፈለግ ሩቅ አይኬድም። በያጁ ጣውላውን ምስጥ እንዳይበላው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሊቀባው ሲዘጋጅ፣ ከእድሩ እናቶች አንዷ ደረሱ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ዘይት ነው እትዬ፤ እንጨቱን ይጠብቀዋል።»

«በዚህ ላይ ድስት ሊጫን ነው? ቆጮ ሊጫን ነው? የለቅሶ ቤት እህል ናፍጣ ናፍጣ ሊሸት ነው?» ብለው ጣሳውን አስነሱ። ሲሄዱ «ተልባ የለም ወይ በአገሩ?» አሉ።

ልክ ነበሩ። የተልባ ዘይት እንጨት ውስጥ ገብቶ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ውሃ ይከላከላል፤ ምግብም አያበላሽም። ጣውላው ከደረቀ በኋላ ዘይቱ በቀጭኑ እየተቀባ በየመሃሉ እንዲደርቅ ተደረገ። አንድ ነገር ግን ለሚሠራ ሰው መናገር አለብኝ፤ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማድዶ ጥግ ላይ ከተጣለ በራሱ ሞቆ እሳት ሊይዝ ይችላል። ዘርግቶ ማድረቅ ወይም ውሃ ውስጥ መንከር ነው። ጣውላዎቹ ሲገጠሙም በመሃላቸው ጥቂት ክፍተት ተተወ፤ ዝናብ ሲመታቸው ያብጣሉና፣ የገባው ውሃም መውጫ ይፈልጋል።

እኚሁ እናት የድስቱን ቦታም ወሰኑ። የኋላው መዝጊያ ሲከፈት ወደ ታች ተንጠልጥሎ እንዳይቀር፣ በሰንሰለት ተይዞ አግድም እንዲቆም አዘዙ፤ ሽንኩርት የሚከተፍበት፣ ሰሃን የሚደረደርበት ገበታ ይሁን ብለው። ለድንኳኑ ቋሚዎች ከጎን በኩል ረጅም ማስቀመጫ ተበየደ። ፍሬቻውና የፍሬን መብራቱ ከፒካፑ ጋር በገመድ ተያያዘ። ከመንጠቆው በተጨማሪ ሁለት ሰንሰለት በመስቀለኛ ታሰረ፤ መንጠቆው ቢለቅ እንኳ አንገቱ መሬት እንዳይመታ። ቀለሙ መጨረሻ ላይ መጣ፤ አረንጓዴ ነው። ስለ ቀለሙ ይህን ያህል ይበቃል።

አሁን የሙከራው ነገር። ወደ ቆሼ በሚወስደው መንገድ፣ በማለዳ፣ መኪና ሳይበዛ ወጡ። ወንበሮቹን ከኋላ፣ ድንኳኑን፣ ድስቱንና ውሃውን ከመሃል ጭነው ነበር። ፍጥነት ሲጨምሩ ተሳቢው ጅራቱን ግራና ቀኝ መምታት ጀመረ። የፒካፑ ሾፌር ወጣት ነው፤ ፍሬን ሊረግጥ ሲል አዛውንቱ «አትርገጥ! ነዳጁን ብቻ ልቀቅ፣ መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ!» አሉ። ቀስ ብሎ ጸና። በዚህ ጊዜ ፍሬን መርገጥ ተሳቢውን ወደፊት ይገፋዋል፤ የሚገፋው ደግሞ ወደ ጎን ነው፤ መገልበጥ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ቡታጅራ ተመልሰው አንድ በርበሬ ነጋዴ መጋዘን ገቡ። የማረቆ በርበሬ የሚመዘንበት ሚዛን ላይ የተሳቢውን አንገት አሳረፉት፤ 25 ኪሎ አወጣ። ተሳቢውና ጭነቱ አንድ ላይ 600 ኪሎ ያህል ነበር። አንገቱ ላይ ማረፍ ያለበት ከጠቅላላው ክብደት ከመቶ አሥር ያላነሰ፣ ከአሥራ አምስት ያልበለጠ ነው። ስለዚህ ከ60 ኪሎ በላይ መሆን ነበረበት። ወንበሮቹን ወደ አክስሉ አመጡ፣ ድስትና ውሃውን ከአክስሉ ፊት አደረጉ፤ ሚዛኑ 70 ላይ ቆመ። እንደገና ወደ ቆሼ መንገድ ወጡ፤ ተሳቢው ከፒካፑ ኋላ ጸጥ ብሎ ሄደ። አንዲት ብሎን አልተቀየረችም፤ የተቀየረው የጭነቱ አቀማመጥ ብቻ ነው። ይህን ያልተማረ ሰው ተሳቢ ባይጎትት ይሻላል፤ ይህን በሙሉ ልቤ እናገራለሁ።

አዛውንቱ የክብደት ጣሪያም አበጁለት፤ ተሳቢው የራሱ ፍሬን ስለሌለው ከነጭነቱ ከ700 ኪሎ እንዳያልፍ። በአውሮፓም ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከ750 ኪሎ እንዳያልፍ ሕጉ ያግዳል። ቁጥሩ በጎኑ በነጭ ቀለም ተጻፈ።

በዚያ ክረምት ለቅሶዎች አለፉ፤ ዕቃው በአንድ ጉዞ ይደርሳል፣ ሸራው ተሸፍኖ ይመለሳል። ከዚያ መስከረም ገባ። ጉራጌ ለመስቀል፣ ሙስሊሙም ለአረፋ፣ የትም ይሁን የት አገሩ ይገባል። ከእድሩ ውስጥ ትውልዳቸው ከሰባት ቤት የሆነ ሦስት ቤተሰቦች ነበሩ፤ ተሳቢውንና አንዱን ድንኳን ለእድሩ ኪራይ ከፍለው እንዲወስዱ ጠየቁ። ምክንያታቸው ቀላል ነው። በመስቀል ሰሞን የአባት ቤት ይሞላል። የወንድም ልጅ፣ የእህት ልጅ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ከሐዋሳ የመጣ። ማደሪያ ይጠፋል። እነሱ ማደሪያቸውን ይዘው ሊሄዱ ነው።

በተራራው ላይ አቋርጠን እንሂድ ያሉ ነበሩ። አዛውንቱ ካርታ ሳያዩ መለሱ፤ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ይዞ፣ በመስከረም ጭቃ፣ ቁልቁለት አይወረድም። ዙሪያውን ሂዱ። ስለዚህ ወደ ሰሜን፣ በኬላና በቡኢ፣ በጢያ፣ በመልካ አዋሽ እስከ ዓለም ገና፤ ከዚያ በጅማ መንገድ በተፍኪ፣ በቱሉ ቦሎ፣ በወሊሶ ወደ ወልቂጤ።

ኬላ ላይ ቆመው ሞዞዎቹን በእጅ ዳሰሱ። ቀኙ ለብ ያለ ነው፤ ግራው ግን እጅ አያስቆይም። ጢያ ድረስ በቀስታ ሄደው ከመንገዱ ዳር ወረዱ። ጎማው እስኪበርድ ልጆቹ ትክል ድንጋዮቹን ለማየት ሮጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን 36ቱን፣ ሰይፍ የተቀረጸባቸው ያሉባቸውን። አባቶቻቸው ሞዞውን ከፈቱ። ኩሽኔታው ደህና ነው፤ ዳዶው ትንሽ ጠብቋል። ጥቂት መልሰው ለቀቁት፣ ግራሶ ጨመሩ፣ ዘጉት። ወሊሶ ላይ ሲዳስሱት ሁለቱም እኩል ለብ ብለዋል። የተሳቢ ሰው በየመቆሚያው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ መሣሪያ አያስፈልገውም፣ መዳፍ ይበቃዋል።

ወልቂጤ በመስቀል ዋዜማ እንዴት እንደምትሆን ያያት ያውቃታል። ከመናኸሪያው የሚወጣው ቅጥቅጥ ሁሉ ጣሪያው ላይ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ በግ ተጭኗል። ቤተሰቦቹ ከዚያ በጉብሬ በኩል አልፈው ወደ መንደራቸው ገቡ፤ አስፋልቱ ሲያልቅ ጎማው ጭቃ ነካ፣ ፒካፑ በከባድ ማርሽ ብቻ ወረደ።

መንደሩ መሃል ጀፎረ አለ። ጀፎረ ሰፊ፣ ሣር የለበሰ የጋራ ሜዳ ነው፤ ጎጆዎቹ ግራና ቀኝ ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው ይቆማሉ። ከብት ይነዳበታል፣ ሽማግሌ ይሰበሰብበታል፣ ሠርግም ለቅሶም ይሆንበታል። ማንም አያጥረውም፣ ማንም አያርሰውም፤ የሰባት ቤት ጉራጌ ባህላዊ ሥርዓት የጠበቀው ነው። ድንኳን ለመትከል የመንደሩን ሽማግሌዎች ጠየቁ። ሽማግሌው በዘንግ አሳዩአቸው፤ «ከብቱ ከሚያልፍበት ወዲህ፣ ከዛፉ ጥላ ወዲያ። ስትነሱ ሣሩን እንዳገኛችሁት ተዉት።»

ተሳቢው ከፒካፑ ተፈታ። ጎማዎቹ ፊትና ኋላ ድንጋይ ገባላቸው፣ አንገቱ በእንጨት ተደገፈ። የድንኳኑ አንድ ጎን ከጎኑ ካለው ቀለበት ታሰረ፤ ንፋስ ሲመጣ ካስማ ቢነቀል እንኳ የሚይዝ ነገር ሆነ። የኋላው መዝጊያ ተከፈተና እናቲቱ ያዘዙት ገበታ ሆነ። ደመራው መስከረም 16 ተበራ፤ ማግስቱን ክትፎው እዚያው ላይ ተከተፈ፣ ቅቤው ዓመቱን ሙሉ ለዚህ ቀን ሲጠራቀም የቆየ ነበርና ከነማሰሮው ወጣ። ከመንደሩ ልጆች ግማሹ ድንኳኑ ውስጥ አደሩ። ሌሊት ዝናብ ጣለ፤ በሣጥኑ ውስጥ የተቀመጠው ብርድ ልብስ አልረጠበም፣ ውሃው በጣውላው መሃል ወርዶ ነበር።

ሲመለሱ ጭነቱ ሌላ ነው። ቆጮ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ሲጫን ትንሽ ይመስላል፤ እርጥበት ስላለው ግን ከባድ ነው። አያቶች ለልጅ ልጅ ሲሰጡ አቁሙ አይባሉም፤ ሾፌሩ ግን ወልቂጤ ላይ ወርዶ የአንገቱን ክብደት በእጁ አንሥቶ ገመተና ግማሹን ቆጮ ወደ ፒካፑ አዛወረው። አዛውንቱ አብረውት ባይኖሩም ቡታጅራ ድረስ ቃላቸው አብሮት ሄደ።

አሁን እድሩ ለተሳቢው የራሱ መዝገብ አለው። ለቅሶ ይቀድማል፣ ምንም ቢከራይ። የወሰደው ሰው ሲመልስ ሞዞው በፊቱ ይዳሰሳል። ከ700 ኪሎ በላይ የጫነ ለአንድ ዓመት አይወስድም። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ፣ ከመስቀል ጉዞ በኋላ፣ ሞዞው ተከፍቶ ግራሶው ይቀየራል፤ ወጪው ከኪራዩ ነው። ይህን ሥራ ዘንድሮ የሠራው በያጁ ነው፤ አዛውንቱ ተቀምጠው አዩት።

በቅርቡ የሌላ ሰፈር እድር ሰዎች መጡ። ተሳቢውን ዞረው አዩ፣ ቀለሙን ወደዱ፣ ገበታውን ከፍተው ዘጉ። እነሱም አንድ አሮጌ ሣጥን ማግኘታቸውን፣ ላሜራው ገና ደህና መሆኑን ነገሯቸው። አዛውንቱ ሾፌር ስለ ላሜራው አልጠየቁም። ሊብሬ እንዳለው ጠየቁ፤ ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። በያጁ መዶሻውን አነሳና «ኑ፣ አብረን ሄደን እንየው» ብሏቸው ወጣ።